ለወረታ ልጆች ፊልም ስመርጥ

የፊልም መኪናው ወደ ወረታም ሊመጣ ነው ሲባል ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ዘለልኩ። እውነቴን ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ እያየኝ ከመሬት ተነሳሁ። ወሬውን በር ላይ ቆመው የነገሩኝ ዳይሬክተራችን “ይረጋጉ እንጂ” አሉኝ። አልተረጋጋሁም።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ወረታ ያኔ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተደረደረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሰው አውቶቡስ ለሻይ ይቆምባታል፤ አቧራውን ትቶላት ይሄዳል። ከቤቶቹ ጀርባ ፎገራ ነው፤ ሜዳና ከብት፣ ጓያና ሽምብራ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ውሃ። ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ሩዝ የሚታይበት ሜዳ ላይ ያኔ ሩዝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኤሌክትሪክ መብራት የለም። ሲኒማ ቤትማ ከየት ይመጣል!

እኔ ጎንደር ከተማ ተወልጄ አዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ የተማርኩ ነኝ። እዚያ ሳለሁ ቅዳሜ ከሰዓት እኔን የፈለገ ሰው ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቢጠብቀኝ አያጣኝም ነበር። ወረታ ስመደብ አልቅሻለሁ። ዘመዶቼ ሁሉ ከከተማ ርቄ መሄዴ አስጨንቆኝ መስሏቸው አባበሉኝ። ያለቀስኩት ለሲኒማው እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የፊልም ማሳያና መብራት የሚሰጥ ሞተር በላንድሮቨር ጭኖ በየትምህርት ቤቱ ያዞራል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ፊልም ይደርሰዋል። አንዱን ዳይሬክተሩ አስቀድመው መርጠውታል፤ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር ነው። ሁለተኛውን እኔ እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። “ዘመን ያላለፈበት፣ ቁም ነገር ያለው ይሁን” አሉኝ። “ልጆቹም ዝም ብለው አፍጥጠው እንዳይወጡ። ይጻፉበት።”

እኔስ ምን ፈልጌ! የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ሂስ የሚባለውን ነገር ላስተምራቸው ከልቤ እመኝ ነበር። ፊልሙ እስኪመጣ አልጠበቅኩም። ያያችሁትን ሁሉ ገምግማችሁ አምጡ አልኳቸው፤ ምን አያችሁ፣ ምኑ ጣማችሁ፣ ምኑ አልጣማችሁም፣ ለምን? አንዱ የቅዳሜን ገበያ ጻፈ። ሌላዋ የአክስቷን ሠርግ ጻፈችና ሙሽራው እንዳልጣማት በግልጽ አስቀመጠች። አንድ ደፋር ደግሞ ዳይሬክተሩ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሥር የሚያደርጉትን ንግግር ገምግሞ መጣ። “ንግግሩ ረጅም ነው። ካለፈው ሰኞ ጋር አንድ ነው። መጨረሻው ግን ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ያልቃል።” ሳቄን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ሙሉ ማርክ ሰጠሁትና ለማንም እንዳያሳይ አስማልኩት።

ከሁሉም የሚበልጠውን የምትጽፈው ግን ከኋላ አግዳሚ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለ ጥምቀት ስትጽፍ “ሰው ሁሉ ታቦቱን ያያል፤ እኔ ታቦቱን የሚያዩትን ሰዎች አየሁ” ብላ ነበር የጀመረችው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ልጅ በየዓመቱ አይገኝም።

ብቻዋን የምትቀመጠው ወድዳ አይደለም። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ባለእጆቹ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸማኔው፣ ተሰብስበው በሚኖሩበት ጉብታ ላይ ነው። የአገሩ ሰው በእነሱ ማሰሮ ወጥ ይሠራል፤ በእነሱ ማረሻ ያርሳል፤ የእነሱን ጋቢ ይለብሳል፤ አብሯቸው ግን አይበላም። ቡዳ ናቸው ይባላል። ዓይናቸው ሰው ይበላል ተብሎ ይፈራል። ልጅ ሆዱን ቢቆርጠው ማን አይቶት ነበር ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ወደዚያ ጉብታ ይወስዳል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ከሷ ጋር አትቀመጡ ብለው ይልኳቸዋል። እሷም ሰው ፊት ስትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ተቆጥቻለሁ። አዝዣለሁ። እኔ እያየሁ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስመለስ ተንሸራተው ሌላው አግዳሚ ላይ እርስ በርስ ተጣበው አገኛቸዋለሁ። ይህ ነገር እንዴት እንደሚያናድደኝ!

አንድ ጠዋት እናቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወደ ግቢው አልገባችም።

“እሜቴ፣ ልጄን ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ” አለችኝ። “ግን ሁልጊዜ ከኋላ፣ ሁልጊዜ ብቻዋን። እኔ ለምጀዋለሁ፤ እሷ ግን እየመጣች ታለቅሳለች። አሁን ደግሞ ፊልም የሚሉት ነገር ጨለማ ቤት ውስጥ ነው አሉ። ያን ዕለት ከልጆቹ ጋራ ከገባች፣ ትማር። ከደጅ ካስቀሯት ግን በቃኝ። ከኔ ጋራ ሁና አፈሩን ትልመድ።”

“ትገባለች!” አልኳት። “እኔ እያለሁ ማን ያስቀራታል?”

ሴትዮዋ አመስግና ከሄደች በኋላ ነው እኔ ማን ነኝ ብዬ ራሴን የጠየቅሁት። ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የከተማው ሰው እንኳን ትእዛዜን ሊሰማ ሰላምታዬን የሚመልሰው እየመረጠ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ በዚያው ዓመት ነበር። ከዚህ በኋላ ፊልሙ ለኔ ፊልም ብቻ መሆኑ ቀረ። ልጅቷ ያን ዕለት ከደጅ ከቀረች ትምህርቷ ያበቃል።

ለምርጫው ጎንደር ሄድኩ። ፊልሞቹ የተቀመጡበት መጋዘን ቆርቆሮ ቤት ነው። በየግድግዳው ክብ ክብ ጣሳ ተደርድሯል፤ ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ አለው። እኔ ያንን ሽታ እንደ ሽቶ ነው የሳብኩት። ባለፊልሙ፣ ማለትም ላንድሮቨሩን የሚነዳውና ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው፣ ረጋ ያለ ቀልደኛ ነበር። “የቱን ላሳይዎት?” ሲለኝ “ሁሉንም” አልኩት።

የመጀመሪያው ዳንስ የበዛበት ነው። ልብሱ ያምራል፤ ሴቶቹ ያምራሉ፤ ግን በየደቂቃው ይሳሳማሉ። ለቄሶቹ ልጆች ይህን ባሳይ በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ዳር ነኝ። ባለፊልሙ “ሲሳሳሙ እኔ በእጄ የማሽኑን መነጽር እጋርደዋለሁ” አለኝ። ሞከረው። እጁን ሳያነሳ ፊልሙ ሊያልቅ ደረሰ።

ሁለተኛው የጦርነት ነው። ይተኩሳሉ፤ ይጮሃሉ፤ ሲደክማቸው ተቀምጠው በእንግሊዝኛ ረጅም ረጅም ወሬ ያወራሉ። ልጆቹ ከወሬው ምኑን ሊይዙ? ሦስተኛው አንድ ሰው እየወደቀ የሚነሳበት አስቂኝ ፊልም ነው፤ ጎኔን ይዤ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ግን ምን ብለው ይጽፉበታል? ወደቀ፤ ተነሳ፤ ደግሞ ወደቀ። ልቤ እያዘነ ተውኩት።

መጋዘኑ በር ሥር፣ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ድጋፍ የሆነ የዛገ ጣሳ ነበር። “እሱስ?” አልኩ።

“እሱ እንኳ ይቅርብዎ። አርጅቷል፤ ድምፅም የለው። ማንም መርጦት አያውቅም።”

“ክፈተው።”

አንድ ድሃ ገበሬ አንዲት ላም አለችው። አገሩ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ባርኔጣ ያደርጋል። ዘመኑ ሲከፋበት ላሚቱን ገበያ አውጥቶ ይሸጣታል፤ እሱ ከተማ ሄዶ በቀን ሥራ ዕድሜውን ይፈጃል። አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰው ደጅ አንዲት ያረጀች ላም ያያል። አንድ ትንሽ ልጅ አንገቷን አቅፎ ቆሟል። ሽማግሌው ይጠጋል። ያያታል። ልጁን ያያል። ፊቱ ብቻ መላውን ግድግዳ ይሞላዋል፤ ከዚያ ዞሮ መንገዱን ይቀጥላል። አለቀ። አወቃት? አላወቃትም? ቃል የሚባል የለም። የሚናገረው ዓይኑ ብቻ ነው።

እንባዬ እየወረደ አጨበጨብኩ። “ይሄ ነው! ይሄ ነው!” ቋንቋ አይጠይቅ፤ ሁሉም እኩል ያየዋል። ሲያልቅ ደግሞ የሚያከራክር ጥያቄ ትቶ ነው። ሂስ ከዚህ ሌላ ከምን ይጀመራል?

ባለፊልሙ ማሽኑን እያጠፋ ታዘበኝ። “እንዴ፣ ፎገራ ላም ጠፍቶ ነው ላም የሚወስዱላቸው?”

የወላጆች ኮሚቴ የተሰበሰበው መኪናው ከመምጣቱ በፊት በነበረው እሑድ ነው። ሰብሳቢው የአጥቢያው ዳኛ ግራዝማች ነበሩ፤ ብዙ ከብት ያላቸው፣ ነገር አዋቂ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሽማግሌ። የልጅ ልጃቸውም ስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ፊልሙ በቀን ነው የሚታየው፤ ማታ ሴቶች ልጆችን የሚለቅ ወላጅ የለም። ስለዚህ ትልቁ ክፍል መስኮቱ ተሸፍኖ፣ በሩ ተዘግቶ ይጨልማል። ይህን እንደተናገርኩ አንድ ወላጅ ተነሳ።

“የሸክላ ሠሪዋም ልጅ አብራ ልትገባ ነው? በጨለማ? በር ተዘግቶ? እኛ ልጅ እንደ ዋዛ አላሳደግንም።”

ብድግ አልኩ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውሰውም። ልጅቷ ከክፍሉ ጎበዝ ናት አልኩ፤ ኃጢአት ነው አልኩ፤ እሷ ከቀረች ፊልሙም ይቅር አልኩ። ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ቀጥለው እግሬን ረገጡኝ። ግራዝማች ጭራቸውን እያወዛወዙ ቆዩና እንደ ችሎት ይጠይቁኝ ጀመር።

“ብርሃኑ ያለው በወዴት ነው?”

“ከፊት ነው ግራዝማች፤ በሚወጠረው አቡጀዲ ላይ።”

“ሰው ሁሉ ወዴት ያያል?”

“ወደ ፊት።”

“ወደ ኋላ የሚያይ የለም?”

“ምን ሊያይ ብሎ?”

ግራዝማች ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። “እንግዲያ ነገሩ ቀላል ነው። ዓይን የሚበላ የሚያየውን ነው። ከኋላ ብናስቀምጣት የሰው ማጅራት ስታይ ልትውል ነው። ከሁሉ ፊት ትቀመጥ። ከፊቷ ጨርቅ እንጂ ሰው አይኑር። የፈለገች እንደሁ ጨርቁን ትብላው።”

ሰው ሳቀ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። እኔ ግን ስድቡን መች ሰማሁት! ከፊት! ሲኒማ ወዳድ ሰው የሚጋፋበት ቦታ! ስብሰባው እንደተበተነ ወደ ጉብታው እየሮጥኩ ወጣሁ። ልጅቷ ደጅ ላይ ጭቃ ስትረግጥ አገኘኋት። ፍርዱን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እኔ እስቃለሁ፣ እሷ አትስቅም።

“ዓይኔን ፈርተው ነው እትዬ?”

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

“እስከ ዛሬ ማጅራታቸውን ሳይ ነው የኖርሁት” አለች ጭቃውን እየረገጠች። “ማንንም አልበላሁ።” እግሯን አቆመች። “ከፊት ግን በደንብ ይታያል?”

“ከሁሉም በላይ።”

“እንግዲያው እቀመጣለሁ።”

ላንድሮቨሩ የመጣው ሰኞ ነው። ጣራ ገዳምን አልፎ በሜዳው ሲመጣ የሚያስነሳው አቧራ ከሩቅ ታየ፤ ልጆቹ “መጣ! መጣ!” እያሉ ግቢውን በጩኸት ሞሉት። እኔም ጮህኩ። መስኮቶቹን የሸፈንነው ልጆቹ ከየቤታቸው ባመጡት ጀንዲ ነው። የላም ቆዳ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ለላም ፊልም የተገባ ነበር። ባለፊልሙ አቡጀዲውን ወጠረ፤ ሞተሩ ውጭ ተንገጫገጨ። ልጅቷ ፊት ለፊት መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላት ብቻዋን ተቀመጠች። ከኋላዋ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ የግራዝማች የልጅ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አለች። ሸክላ ሠሪዋ በግቢው በር ቆማ፣ ልጇ ስትገባ በዓይኗ ተከትላታለች። በሩ ተዘጋ።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ዳይሬክተሩ አጨበጨቡ፤ እኛም አጨበጨብን።

ከዚያ ላሚቱ መጣች። አቤት ያ ዝምታ! የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። “ጡቷ ትንሽ ነው።” “ቀንዷ ግን ያምራል።” “የኛ ትበልጣለች።” ገበሬው ላሚቱን ወደ ገበያ ሲነዳ “አትሽጣት!” ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። “አትሽጣት! ኧረ አትሽጣት!” ገንዘቡን ሲቀበል ክፍሉ በሙሉ አቃሰተ። እኔ ከጥግ ቆሜ ፊልሙን ትቼ እነሱን ነበር የማየው። የወረታ ልጆች ፊልም እያዩ ነው! እኔ የመረጥኩትን ፊልም!

መጨረሻው ላይ ችግር መጣ። ሽማግሌው ወደ ላሚቱ ሲጠጋ መጀመሪያ የመካከለኞቹ ብድግ አሉ፤ የፊተኛው አግዳሚ ልጆች “ተቀመጡ!” ሊሏቸው ተነስተው ወደ ኋላ ዞሩ፤ የኋለኞቹ አግዳሚው ላይ ወጡ። ያ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለበት ፊት አቡጀዲውን ሲሞላው ከኔ ቦታ የሚታየው ጭንቅላት ብቻ ነው። ማሽኑ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን ገባ።

“አወቃት?” “አላወቃትም!” “ላሙን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ!” “ካወቃት ለምን ትቷት ሄደ?” “ፊቱን ያየ አለ?”

ልጅቷ ከምንጣፏ ተነስታ ዞረች። “አውቋታል!” አለች። ፊቷ በርቷል፤ ዓይኗ በርቷል። “እኔ አይቸዋለሁ፤ አውቋታል!”

ነጠላ ያለው ነጠላውን ወደ ፊቱ ሳበ፤ የሌለው እጁን ጋረደ። የግራዝማች የልጅ ልጅ ብቻ አፏን ከፍታ እንደቆመች ቀረች። ልጅቷ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። አንገቷን ደፍታ በመካከላቸው አልፋ ወጣች፤ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው አሳለፏት። ያ ሁሉ ደስታዬ የት እንደገባ አላውቅም። እዚያው ቆሜ በንዴት አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ስገባ ልጅቷ ከኋላ አግዳሚዋ ላይ ነበረች። የእናቷ ቃል ቃል ነው፤ ከገባች ትማር ብላለች። ባዶ የነበረው የግራዝማች የልጅ ልጅ ቦታ ነው።

ሹክሹክታው ከአግዳሚ አግዳሚ ሄደ። “ታማ ነው።” “ትላንት ዙራ አይታት የለ።” “ተበልታለች።” ዝም በሉ ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ዝም አሉ፤ ማሰባቸውን ግን አላቆሙም። ልጅቷ ደብተሮቿን አንድ ላይ ሰብስባ ደረቷ ላይ አቀፈች።

ወዲያው የግራዝማች ቤት ሰው በር ላይ ቆመ። “አስተማሪቱና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ይምጡ ብለዋል።”

ከግቢው ስንወጣ እናቷ መንገድ ላይ ደረሰችብን። ወሬው ደርሷት ነበር። እጇ ላይ ያለው ጭቃ አልደረቀም። አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ አብራን መራመድ ጀመረች። የሚያስፈራን ነገር አንድ ነው፤ ለሦስታችንም ግልጽ ነው። በላች የተባለች ሴት በበሽተኛው ላይ እንትፍ እንድትል ትገደዳለች፤ እንትፍ ካለች አመነች ማለት ነው።

“እንትፍ በይ ካሏት ትበል” አለች እናትየዋ ወደ ፊት እያየች። “ልጅቱ እንድትድን ትበል። ከዚያ ግን እሜቴ፣ ደብተሯን ይዤ የምሄድ እኔ ነኝ።”

እጇን ያዝኩ፤ ጭቃው እጄ ላይ ተላለፈ።

የግራዝማች ግቢ በሰው ተሞልቷል። ከሩቅ ጩኸት ሰማን፤ ለቅሶ መሰለኝ። ስንጠጋ ግን ክርክር ነው። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ ሁሉም እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። የልጅ ልጂቱ በመካከል ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ አንገቷ በጨርቅ ተጠምጥሟል። እኔን ስታይ ፈገግ ብላ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ትላንት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ፊልሙን ለቤተሰቡ ነገረች፤ ጎረቤት ሲመጣ ደግማ ነገረች፤ ዛሬ ጠዋት ለእረኞቹ ሦስተኛ ስትጀምር ድምፅዋ ተዘጋ። በሽታዋ ይኸው ነው። ልስማት ወይስ ልቆጣት!

ግራዝማች ከመደባቸው ላይ እጃቸውን አንስተው ሰዉን ዝም አሰኙ።

“እኒህ አወቃት ይላሉ። እኒያ ላሙን ቢያውቃት ትቷት አይሄድም ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ይችን ብጠይቃት ተቀመጡ ስል ወደ ኋላ ዙሬ አላየሁም አለችኝ።” የልጅ ልጃቸው በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። “ይኸ ነገር ያለ ዓይን ምስክር አይፈረድም። ያየችው ከፊት የነበረችው ናት። ከፊት ያስቀመጥኋት ደግሞ እኔው ነኝ።” ወደ ልጅቷ በጭራቸው ጠቆሙ። “ነይ እስኪ። ተናገሪ።”

ልጅቷ ወጣች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ሽማግሌው ተጠጋ አለች። ላሚቱን አያት አለች።

“ቆይ” አሉ ግራዝማች። “ምስክር ግድግዳ እያየ ይመሰክራል እንዴ? ወደ እኔ ዙሪ።”

አልዞረችም። እናቷን አየች፤ እናቷ ከግቢው በር አልፋ አልገባችም። እኔን አየች።

“ዙሪ እንጂ” አሉ ግራዝማች። “ሰውዬው አልተናገረም ትሉ የለም? በዓይኑ ነው ያለው ትሉ የለም? ዓይኑን እንዴት እንዳደረገው አሳይኝ።”

ዞረች። ቀና ብላ ቀጥታ አየቻቸው። መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፤ አንድ ነገር ብሎ ሊጮህ ሲል እንደተወ ሰው ቆመ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ልጁ ያለበትን ቦታ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰና ፈገግ አለ፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ዓይኗ ብቻ ፈገግ አለ። እኔ መጋዘን ውስጥ ያየሁት ሽማግሌ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆመ። ዙሪያውን ያሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አንስተው ነበር። ግራዝማች አላነሱም። አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው። ብዙ ቆዩ።

“አውቋታል” አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ሰለለ። “አወቃትና ለልጁ ተወለት።”

ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ አጉረመረሙ። ግራዝማች ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ። “ነገ የቆላ ሰፈር ሽማግሌዎች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በጠዋት ነይና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትነግሪናለሽ።”

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት እናቷ ከበሩ መለሰች።

“አይሆንም ግራዝማች፤ ነገ ትምህርት አላት።”